አንድ ቁልፍ ወደ ቀኝ

ኮልፌ ገበያ አጠገብ በነበረ የታይፕ ትምህርት ቤት በአስተማሪነት የገባሁ ቀን፣ ባለቤቱ አቶ ደምሴ ስድስት የጽሕፈት መኪናና ስድስት ጥቁር ጨርቅ አስረከቡኝ። ጨርቁ የተማሪው እጅና ቁልፎቹ እንዳይታዩ ከላይ ይጣላል። «ዓይን ከሚገለበጠው ጽሑፍ አይነሣም» አሉኝ። «ወደ መኪናው ያየ ተማሪ ካገኘሁ የምጠይቀው አንቺን ነው።»

በአማርኛ መኪና ብዙው ፊደል በአንድ ምት አያልቅም። መጀመሪያ ግንዱ፣ ቀጥሎ እግሩ ወይም ቀለበቱ ይመታል። የሚማረው ጣት ነው፤ ጣት የሚማረው ደግሞ ሰውነት ሲረጋ ነው። ይህ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

በሦስተኛው ዓመቴ ሀብቴና ሽብሩ የሚባሉ ወንድማማቾች መጡ። አባታቸው አቶ ወልዴ ገበያው ውስጥ የጨርቅ ሱቅ ነበራቸው። አንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስቶችን በፈተና ሊቀጥር ነበር። አባትየው ቁርጡን ነገሩን፤ «ያለፈ ይቀጠራል። የወደቀ አገር ቤት ወንድሜ ዘንድ ሄዶ እንሰት ይተክላል። ሱቅ ውስጥ ጎልቼ አላኖርም።» ሽብሩ አገር ቤትን አያውቅም፤ ተወልዶ ያደገው ኮልፌ ነው።

ሀብቴ ከምሳ በኋላ ጫት ቅሞ ይመጣል። ሦስት ሰዓት ሙሉ ሳይነሣ ይመታል፤ ስሕተቱ ጥቂት ነው። ሽብሩ አይቅምም። ጽሑፉ ንጹሕ ነው፣ እጁ ግን ቀርፋፋ ነው። ሀብቴ «የኔ ወንድም ገጹን እስኪጨርስ ሪባኑ ይደርቃል» እያለ ያስቅበታል።

ፈተናው ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሽብሩ ጠጋ ብሎ «እትዬ፣ እኔም ብቅም ይሻለኝ ይሆን?» አለኝ።

«የአንድ እናት ልጆች አይደላችሁ? እሱን ከረዳው አንተን ምን ያደርግሃል?» አልኩት።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ፈጠነ። በሳምንቱ እንቅልፍ አጣ፤ ጣቱ መንቀጥቀጥ ጀመረ። የፊደሉን እግር ሁለቴ ይመታል፣ ቀለበቱን ይዘላል። ትናንት ያወቀውን ቁልፍ ዛሬ ጨርቁ ሥር ይፈልገዋል። ወረቀቱን ለአቶ ደምሴ አሳየኋቸው።

«ወንድሙም ይቅማል፤ ይለምደዋል» አሉ። «አሁን ብታስቆሚው ፍጥነቱን ያጣል።»

እኔም አላስቆምኩትም።

በፈተናው ጠዋት ይዣቸው ሄድኩ። የሽብሩ ዓይን ፈጧል።

«ቅመሃል?»

«ትንሽ ናት እትዬ። ዛሬ ሀብቴን ነው የምቀድመው።»

እኔ በረንዳው ላይ ቀረሁ። በፈተና ጨርቅ ስለማይጣል በመስኮቱ እጁ ይታየኛል። ጀምሩ ሲባል ጣቶቹ አንድ ቁልፍ ወደ ቀኝ ስተው ተቀምጠዋል። ይህን ስሕተት ማንም ይሠራዋል፤ የረጋ ጣት ግን በመጀመሪያው ቃል ነቅቶ ይመለሳል። የሱ አልተመለሰም። ዓይኑን ከሚገለብጠው ጽሑፍ ሳያነሣ፣ ልክ እንዳስተማርኩት፣ መታ። ድምፅ ባሰማ ሁለቱም ይባረራሉ። የመስኮቱን ብረት ይዤ ቆምኩ። ከሁሉም ቀድሞ ጨረሰና ፈገግ ብሎ ወረቀቱን አወጣ። ያን ጊዜ አየው።

ፈታኙ ገጹን አዟዙረው ተመለከቱና «ይህ ደግሞ የየት አገር ቋንቋ ነው?» አሉ። ክፍሉ ሳቀ። ሀብቴ አልሳቀም። እሱ አለፈ።

በማግስቱ አቶ ወልዴ ሱቅ ሄጄ፣ ሽብሩ እንዲቅም ያደረግኩት እኔ ነኝ አልኳቸው። ጨርቅ መለካታቸውን አላቆሙም።

«ሀብቴ እኔን ነው የመሰለው፤ ቅሞ ይተኛል። ሽብሩ በእናቱ ወጥቷል። እሷ አንዲት ቅጠል ከቀመሰች ሁለት ቀን ዓይኗ አይከደንም። ብትጠይቂኝ እነግርሽ ነበር።»

«ሁለት ወር ይስጡኝ፤ ሌላ ፈተና ያለ ጫት አሳልፈዋለሁ።»

«የተናገርኩትን አላጥፍም፣ ልጄ።»

ሽብሩ በዚያው ሳምንት አገር ቤት ሄደ። ሀብቴም ያለ ጫት ጽሕፈት መኪና ፊት መቀመጥ እንዳቃተው ከዓመታት በኋላ ሰማሁ።

ሥራውን እስከተውኩበት ቀን ድረስ አዲስ ተማሪ ሲመጣ ጨርቁን ከመስጠቴ በፊት ስለ እንቅልፉ፣ ስለሚቅመውና ስለሚያጨሰው፣ ለእናት ለአባቱም ምን እንደማይስማማቸው እጠይቅ ነበር። ወንድማማቾች ሲመጡ ለየብቻ እጠይቃለሁ። የአንድ እናት ልጆችም ቢሆኑ ሁለት ተማሪዎች ናቸው።