በኦቦ ደቻሳ ስም

አምቦ በምሠራበት ቢሮ፣ የተማሪ ውጤት የሚመዘግበውን ሶፍትዌራችንን ከአሮጌው የኮድ ማስቀመጫ ጊት ወደሚባለው አዲስ ማስቀመጫ እንዳዛውር ታዘዝኩ። አዲሱ እያንዳንዱን ለውጥ ማን እንደጻፈው በስም ይጠይቃል። በአሮጌው ግን አምስታችንም የምንገባው በያኔው አለቃችን በኦቦ ደቻሳ ፓስወርድ ስለነበር፣ ሁሉም ነገር የተመዘገበው በእሳቸው ስም ነው።

ቀኑን እያየሁ ሥራውን ለየባለቤቱ ስመልስ፣ የስንቱን ልጅ ውጤት ያዘበራረቀችው የኮድ መስመር ላይ ደረስኩ። ኦቦ ደቻሳ ተገምግመው ወደ ጌዶ የተዛወሩት በእሷ ሰበብ ነው። ቀኗን ሳይ ክው አልኩ። እሳቸው ለቅሶ፣ ሌሎቹ ሥልጠና ሄደው እኔ ብቻዬን ስሠራ የሰነበትኩበት ሳምንት ነው። የጻፍኳት እኔ ነኝ!

በስማቸው እንዳለች ባልፋት ማን ይጠይቀኛል? እስከ ምሳ ሰዓት ከራሴ ጋር ስሟገት ቆየሁና ደወልኩላቸው።

«አካም ጅርታ፣ ገለታ!» ብለው በስሜ እየጠሩ ሰላምታ ሰጡኝ።

«ኦቦ ደቻሳ፣ ያቺ ስህተት የእኔ ነበረች» አልኳቸው።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ያኔ ለምን ዝም አሉ?»

«አንተ ገና በሙከራ ጊዜ ላይ ያለህ ቅጥር ነበርክ እኮ፤ ያባርሩህ ነበር። እኔን ቢበዛ ያዛውሩኛል።»