ዝም ያለው ኬላ

የክልሉ የወረርሽኝ ባለሙያ ናት፤ እኔ ሹፌሯ ነኝ። በየገጠሩ ያሉት የጤና ኬላ ሠራተኞች «ምን ተገኘ» እያሉ ይጠሯታል። ሰላምታዋ እሱ ነዋ! ሰኞ ጧት ጧት መኪናው ውስጥ ሆና ለየኬላው ትደውላለች። «ምን ተገኘ? ተቅማጥ? ኩፍኝ?» ትላለች። «ምንም የለም» ካሏት ፊቷ ይፈካል። ስልክ የማያነሳ ኬላ ካለ ግን አለቀልን፤ ጭቃም ይሁን ጎርፍ ጉዞው ወደዚያው ነው። «ዝምታ ወርቅ ነው ያለው ሰው ወረርሽኝ አያውቅም» ትላለች። እኔ መጀመሪያ ላይ አጉረመርም ነበር። አንዴ ዝም ያለ ኬላ ስንደርስ ሠራተኛዋ ራሷ ታማ ተኝታለች፣ መንደሩም በተበከለ ውሃ ግማሹ ወድቋል። ከዚያ ወዲህ መከራከር ትቻለሁ።

የመጨረሻው ስልክ የአባቷ ነው። ልብስ ሰፊ ናቸው፤ እናቷ ከሞተች ወዲህ ብቻቸውን ይኖራሉ።

«አባዬ፣ ምን ተገኘ?»

«ምንም የለም ልጄ። አንቺ ሥራሽን ሥሪ።»

ምንም ከሌለ ታዲያ በምን ሰበብ ትሂድ? ወደ ቤታቸው የሚወስደውን መገንጠያ ባለፍን ቁጥር አንገቷን አዙራ ታያለች። «በሚቀጥለው ሳምንት» ትለኛለች፣ የጠየቅኳት ይመስል። ክፉኛ ይናፍቋታል። እሳቸውም ለእሷ የጀመሩት ካፖርት እጅጌ ሳይገባለት ከርሟል፤ ስልክ ትከሻ አይለካ ነገር!

አንድ ሰኞ አላነሱም። ደግማ ደወለች፤ ይጠራል እንጂ የሚያነሳ የለም። ክው አለች።

«አዙረው» አለችኝ። ንግግሯን ሳትጨርስ መኪናውን አዞርኩት።

ስንደርስ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ሽማግሌው የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሰው፣ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ ጣል አድርገው የስፌት መኪናቸው አጠገብ ተቀምጠዋል። ስልኩ ፊታቸው ነው።

«አባዬ! ለምን አታነሳም? ልቤ ቀጥ ሊል ነበር እኮ!»

«ዝም ያለ ኬላ ጋ ነው የምሄደው ያልሽው አንቺ አይደለሽ?»

ልትቆጣ አፏን ከፈተች፤ የወጣት ግን ለቅሶ ነው። እሳቸው ምንም እንዳልተፈጠረ ትከሻዋን ለኩና «ከስተሻል» አሉ። እኔ ሳቅና እንባ አንድ ላይ ሲመጣብኝ ጊዜ «ጎማ ልይ» ብዬ ወጣሁ። ስትሰናበታቸው፣ ዳግመኛ ስልኳን ሳያነሱ እንዳይቀሩ አስማለቻቸው።

በሚቀጥለው ሰኞ መጀመሪያ የደወለችው ለእሳቸው ነው። ወዲያው አነሱ።

«ምን ተገኘ፣ አባዬ?»

ትንሽ አሰቡ። «አንድ ታማሚ አለ» አሉ።

ማን እንደታመመ፣ ምን እንዳመመው አልጠየቀችም። እኔም መገንጠያው ጋ ስንደርስ ማንም ሳያዘኝ ፍሬቻ አበራሁ።