የሰዓዳን እርምጃ ፍለጋ ወደ አቃቂ በሰቃ

ጠዋት፣ መንገድ ላይ

ዛሬ በማለዳ ከስድስት ኪሎ የተነሳሁት አንዲት ሴት ብቻዋን መራመድ መቻሏን ላረጋግጥ ነው። ሰዓዳ ትባላለች። በመኪና አደጋ ግራ እግሯን ከጉልበት በታች አጥታለች። ሰው ሠራሹን እግር ከለመደችው ሰኞ ቂሊንጦ ወደሚገኘው ልብስ ፋብሪካ ትመለሳለች፤ ካልለመደችው ቦታዋ ለሌላ ይሰጣል።

እኔ መሐንዲስ ነኝ፤ ሰውነት አካሄዱን እንዴት እንደሚቆጣጠር አጠናለሁ። ዘዴያችን ሲሰሙት ክፉ ይመስላል። የሚጠናው ሰው በመሮጫ ማሽን ላይ ሲራመድ ማሽኑ ሳይታሰብ በትንሹ ያደናቅፈዋል። ምን ያህል እንደተደናቀፈና ሚዛኑን እንዴት እንደመለሰ ኮምፒውተር ይመዘግባል፤ ከሁለቱ ተነስተን ሰውነቱ ራሱን የሚመራበትን ሕግ እናሰላለን። የሰዓዳ ሰው ሠራሽ ቁርጭምጭሚት ውስጥ ያለው ሞላ፣ ማለትም ስፕሪንጉ፣ የሚስተካከለውም በዚህ ስሌት ነው።

ሳሪስ ላይ መንገዱ ተዘጋግቶ ሚኒባሳችን ቆመ። አጠገቤ የተቀመጡ አዛውንት ለመለኪያ የያዝኩትን የሽቦ ጥቅልል አይተው፣ "ዲሽ ነው የምትሠሪው?" አሉኝ።

"እግር ነው አባቴ" አልኳቸው። እስከ ቃሊቲ ድረስ ስለ ጉልበታቸው አጫወቱኝ።

አቃቂ በሰቃ

ወርክሾፑ ያለው በብረት በር ሠሪዎች መካከል ነው። እግሩን የሠሩት ጋሽ ቶሎሳ በሻይና በትኩስ ቦምቦሊኖ ተቀበሉኝ። ሰዓዳ ከእናቷ ከእማማ ዘሃራ ጋር ደረሰች። መሮጫ ማሽኑ ላይ አቁመን፣ ብትወድቅ መሬት እንዳትነካ ከጣሪያው ብረት በተንጠለጠለ መታጠቂያ አሰርናት።

ማሽኑ ተነሳ፤ እኔም ዓይኔን ስክሪኑ ላይ ተከልኩ። ውጤቱ ለጉድ ነው! ማሽኑ ያደናቅፋታል፣ እሷ ንቅንቅ አትልም። "ሞላው ልክክ ብሏል!" ልል ቀና ስል እማማ ዘሃራን አየኋቸው። ልጃቸው በተደናቀፈች ቁጥር "እኔን ይድፋኝ!" እያሉ ወገቧን ጥብቅ አድርገው ይይዛሉ። ጋሽ ቶሎሳም በወዲያ በኩል "እኔን!" ብለው ክንዷን ይዘዋል። ድምፃቸውንስ ሰምቼው ነበር፤ ግን ሰው ሲደናቀፍ እንዲህ የማይል ማን አለ? ለካ ሳጠና የቆየሁት የሦስት ሰው አካሄድ ነው። ሳቄም ንዴቴም አንድ ላይ መጣ።

"እማማ፣ እባክዎ ይልቀቋት።"

"ልጄ ስትንገዳገድ እጄን አጣጥፌ ልይ?"

"እማዬ" አለች ሰዓዳ ቀስ ብላ፤ "ፋብሪካ አብረሽኝ አትገቢም።"

እማማ ዘሃራ እጃቸውን በሻርፓቸው ጠቅልለው ግድግዳው ጋ ቆሙ፤ ጋሽ ቶሎሳም ክንዷን ለቀቁ።

አሁን እውነቱ ወጣ፤ ሰዓዳ ክፉኛ ተንገዳገደች። ሞላው ደርቆባታል። ሰኞን አስቤ ፈራሁ። ጋሽ ቶሎሳ ሞላውን ለቀቅ አደረጉት፤ ሞከርን። አሁንም ለቀቅ አደረጉት፤ ደገምን። ከሰዓት ላይ ማሽኑ ሲያደናቅፋት ትንሽ ዘመም አለችና በራሷ ተመለሰች። "እኔን!" አሉ እማማ ዘሃራ፤ እጃቸው ግን ከሻርፑ አልወጣም። ደስ ብሎኝ እንባዬ መጣ።

ማምሻ፣ ቤት

ቤቴ ገብቼ ግራፎቹን አስተያየሁ። የጠዋቱ መስመር ቀጥ ያለና የሚያምር ነው። የከሰዓቱ ይወዛወዛል፤ ግን የሰዓዳ የራሷ ነው። ይህ ጉዞ ያስተማረኝ ከስክሪኑ ቀና ብዬ ሰዉን ማየት ነው።

ስልኬ ጮኸ፤ እማማ ዘሃራ ናቸው።

"ልጄ፣ ሰዓዳ ብቻዬን እሄዳለሁ ብላ ሱቅ ወጣች። እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። ልከተላት እንዴ?"

"ይቆዩ እማማ።"

ስልኩን ሳይዘጉ ጠበቁ።

"መጣች" አሉ ቆይተው። "ሁለቱም እጇ ዕቃ ይዟል።"