ነጋዴው ያልወደደው የአያቴ ጥብጣብ

መጋቢት 9፣ ንጋት፣ አዲስ አበባ

ወፍ ሳይንጫጫ አውቶቡስ ተራ ደረስኩ። ቦርሳዬ ውስጥ በነጠላ ቁራጭ የተጠቀለለ የጀርመን ወታደር ኒሻን አለ። ጥቁር የብረት መስቀል ነው፤ ጠርዙ ብር፣ ከሥሩ 1914 የሚል ቁጥር የተቀረጸበት። ማንጠልጠያ ጥብጣቡ ጥቁር ሆኖ ግራና ቀኙ ነጭ መስመር አለው። ይህን ሁሉ መንገድ የምሄደው ለዚያች የጣት ርዝመት ለማትሞላ ጨርቅ ነው።

አያቴ አያ ጥሩነህ በወጣትነታቸው ሰውና ዕቃ በዓባይ የሚያሻግሩ ዋናተኛ ነበሩ። አንድ ጀርመናዊ ሲሻገር ውኃው ወሰደው፤ ዘለው ገብተው አወጡት። ሰውየው ድሮ ወታደር ነበርና ኒሻኑን ከኮቱ ላይ ፈትቶ ሰጣቸው። በቤታችን ሲነገር የኖረው ይህ ነው።

ባለፈው ሳምንት ታናሽ ወንድሜ ኒሻኑን ለአንድ የአሮጌ ዕቃ ነጋዴ አሳየው። ነጋዴው መስቀሉን አልነቀፈም። ጥብጣቡን ግን የሐሰት ብር በሚለዩበት መብራት ሥር ቢያደርገው አበራ። የዚያ ዘመን ጨርቅ አያበራም፣ ርዝመቱም ከሚገባው ያጥራል፣ ስለዚህ በኋላ የተሰፋ ነው አለ። ምናልባት አንድ ሰው መስቀሉን ከገበያ ገዝቶ፣ ጨርቅ ሰፍቶበት፣ ታሪክ ፈጥሮለት ይሆናል ብሎም ጨመረበት። ወንድሜ አመነው።

“አያታችን ቀጣፊ ነበሩ ማለት ነው” አለኝ። “ቅዳሜ ልሽጠው።”

ከእጁ ወሰድኩት። በአንድ አምፖል አያቴን ቀጣፊ የሚያደርጋቸው ሰው ገና አልተወለደም።

ረፋድ፣ ዓባይ በረሃ

አውቶቡሱ እየተንፏቀቀ ይወርዳል። የተቃጠለ ፍሬን ሽታ፣ የደረቀ ሣር፣ መንገድ ዳር የተቀመጡ ዝንጀሮዎች። ድልድዩ ላይ ስንደርስ አንገቴን አውጥቼ ውኃውን አየሁት። በበጋ እንኳ ጭቃ መስሎ ይሄዳል። አጠገቤ የተቀመጡትን ሽማግሌ፣ ድሮ እዚህ የሚዋኝ ሰው ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። ነበር፣ ግን የተሻገረውን ሁሉ ስሙን የሚያስታውስ የለም አሉኝ። እኔ አስታውሳለሁ አልኩ፣ ለራሴ።

ደጀን ላይ በያይነቱ በላሁ። ሽሮው ጥሩ ነበር፣ ጎመኑ አሸዋ ነበረበት። ከዚያ ቅጥቅጥ አውቶቡስ። አስፋልቱ ቀረ፣ አቧራው ጀመረ።

ከሰዓት በኋላ፣ ቢቸና

ጋሽ አለነ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ የአያቴ ጎረቤት ነበሩ። ጨርቅ ሲዳስሱ ስላረጁ ከእሳቸው ጀመርኩ። ሱቃቸው ውስጥ ያው የሐሰት ብር መለያ ሰማያዊ መብራት አለ። መዝጊያውን ገርበብ አድርገው ጥብጣቡን ከሥሩ አስገቡ።

አበራ። ነጋዴው እውነቱን ነበር ብዬ አሰብኩ።

ጋሽ አለነ ግን መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ቆዩ። “ጠጋ በይ” አሉኝ። “የሚያበራው ምኑ ነው?”

ጠጋ አልኩ። ጨርቁ ድፍን ጨለማ ነው። የሚያበራው በመካከሉ የሚያልፈው ነጭ የስፌት መስመር ብቻ ነበር። ከዚያ እጥፋቱን በጥፍራቸው ገለጥ አደረጉት፤ ውስጡ እንደ ጥላሸት የጠቆረ፣ ላዩ በፀሐይ ብዛት ወደ ቡናማ የሄደ። እንዲህ ለመሆን ብዙ ዓመት ሰው ደረት ላይ መዋል አለበት አሉ። ጨርቁ አሮጌ ነው፤ ክሩ ግን የኋላ ነው። ከጨርቁ አንድ ክር መዝዤ ባቃጥል፣ የዘንድሮ ናይለን ሳይሆን ጥጥ መሆኑን በጭሱ ሽታ እንደምለይ ነገሩኝ። ማን እንደሰፋው ግን አያውቁም፤ ሞጣ ያሉትን አክስቴን እንድጠይቅ መከሩኝ።

መጋቢት 10፣ ሞጣ

አክስቴ ይርገዱ የአያቴ ልጅ ናቸው፤ የቤተ ክርስቲያን መጋረጃ ሲሰፉ ነው የኖሩት። ኒሻኑን ከነጠላው ስፈታው ዓይናቸው ደክሟልና በጣታቸው ፈለጉት። ስፌቱ ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

“የኔ ነው” አሉ። “ከማዳበሪያ ጆንያ አፍ ላይ የመዘዝኩት ክር ነው።”

ታሪኩን ሰምቼው አላውቅም ነበር። በደርግ መጀመሪያ፣ ቢቸና ገበያ መሀል፣ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር አያቴን አስቁሞ፣ ይህ የባላባት ጌጥ ነው ብሎ ኒሻኑን ከደረታቸው መነጨቀው። ጥብጣቡ ለሁለት ተቀደደ። አክስቴ መሬት ላይ የወደቀውን ለቅመው ቤት ወሰዱት። የተተለተለውን ጫፍ ቆርጠው ሁለቱን ደራርበው ሰፉት፤ ያጠረው ለዚህ ነው። ጥቁር ክር ነበራቸው። አባታቸው ግን በነጭ ስፊው፣ ይታይ አሏቸው።

በሚቀጥለው ገበያ አያቴ ኒሻኑን አድርገው ሄዱ፤ ሊቀመንበሩ ፊት ሄደው ቆሙ። አክስቴ አጠገባቸው ነበሩ።

“ቀደድከው፣ ልጄ ሰፋችው” አሉት። “ብትቀድደው ደግሞ ትሰፋዋለች።”

ሁለት ቀን ታሰሩ። ሲፈቱ ኒሻኑን እንዳደረጉ በገበያው መሀል አልፈው ወደ ቤታቸው ገቡ። ከዚያ ወዲያ የነካባቸው የለም።

ከዚያ ክብሪት አውጥቼ፣ ከጨርቁ አንድ ክር መዝዤ ላቃጥል እንዲፈቅዱልኝ ጠየቅኳቸው።

“ለማን ብለሽ?” አሉኝ።

ለወንድሜ፣ ለነጋዴው አልኩ።

“አንድ ጊዜ ተቀዷል፤ ይበቃዋል።” ኒሻኑን በነጠላው ጠቅልለው እጄ ላይ አስቀመጡት። ክብሪቱን ወደ ኪሴ መለስኩ። አፈርኩም።

መጋቢት 11፣ በመመለሻ መንገድ

ከደጀን ወደ በረሃው መውረድ ስንጀምር ወንድሜ ደወለ። ነጋዴው፣ ከውጭ ያስመጣሁት ትክክለኛ ጥብጣብ አለኝ፣ ያንን ፈትተን ይህን እናድርግበት እያለ ነው አለኝ። የሰማሁትን ሁሉ ነገርኩት፤ መብራቱን፣ የጆንያውን ክር፣ ገበያውን።

“ታዲያ ነጋዴውን ምን ልበለው?” አለኝ።

“ጥብጣቡ የኒሻኑ የራሱ ነው፣ ክሩ የአክስታችን ነው በለው። አይሸጥም በለው።”

መልስ ሊሰጠኝ ሲጀምር ቁልቁለቱ ኔትወርኩን ቆረጠው። መልሼ አልደወልኩም። ኒሻኑን ከነጠላው አውጥቼ ሹራቤ ላይ፣ ነጩ ስፌት እንዲታይ አድርጌ ሰካሁትና ድልድዩን ተሻገርኩ።