ክንዶቹ ያልተጋጠሙት መስቀል

የእትዬ ጥሩነሽን ማረፍ ባለፈው ማክሰኞ በስልክ የነገረችኝ ልጃቸው አልማዝ ናት። በማግስቱ ከወልድያ በሚኒባስ ተነሥቼ ጋሸና ላይ ወረድኩና ወደ ላሊበላ የሚሄድ ሌላ መኪና ያዝኩ። ወሩ ኅዳር ነው፤ ገብሱ ታጭዶ በየማሳው ተከምሯል። አጠገቤ የተቀመጡ እናት ጥቁር ልብሴን አይተው ቆሎ እያቀረቡልኝ፣ "ምነው ልጄ፣ ሟች ዘመድሽ ናቸው?" አሉኝ። የእናቴ ጓደኛ ናቸው አልኩ። "ነበሩ" ማለት ይገባኝ ነበር። ሁለቱን ያለያየኋቸው እኔ ነኝና።

እናቴና እትዬ ጥሩነሽ የሚሠሩት ምንጣፍ ፋብሪካ ነበር። ፋብሪካ እንበለው እንጂ ላሊበላ ከተማ ዳር ያለ ረጅም የቆርቆሮ አዳራሽ ነው፤ ማሽን የሚባል ነገር አልነበረውም፣ ማሽኖቹ ሴቶቹ ነበሩ። ከባሕር ዛፍ በተሠሩ የቆሙ መሸመኛዎች ፊት፣ ሳንቃ ላይ ተደርድረው የበግ ጠጉር ክር ሲቋጥሩ ይውላሉ። ቋጥሮ መቁረጥ፣ ቋጥሮ መቁረጥ፣ ረድፉ ሲሞላ በብረት መምቻ ማጥበቅ። በስተጓሮ ቀለም በበርሜል ይፈላል፣ የታጠበው ጠጉር አጥር ላይ ይሰጣል። ሰው ሁሉ በእርጥቡ የበግ ጠጉር ሽታ አፍንጫውን ይይዛል፤ እኔ ግን እወደው ነበር። እናቴ እቤት ስትገባም እንደዚያው ነበር የምትሸተው።

ያኔ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። አባቴ ሞቷል፣ የዚያን ዓመት በልጉ ቀርቷል፣ ገበያው ላይ ከእህል ይልቅ ዕቃውን የሚሸጥ ሰው ይበዛ ነበር። እኔና ታናሽ እህቴ አበባ የምንበላው ከእናቴ ጣቶች ብቻ ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ ምሳዋን አደርስላታለሁ፤ የገብስ ቂጣ፣ ሲኖር በተልባ፣ ሳይኖር እንዲሁ በበርበሬ።

አንድ ቀን ምሳውን ይዤ ስሄድ እናቴና እትዬ ጥሩነሽ ከሌሎቹ ተለይተው የኋላ ክፍል ተቀምጠዋል። ኃላፊው አቶ ደምሰው ፊታቸው ወረቀት ዘርግቷል፤ ወረቀቱ ላይ ዳር እስከ ዳር የሞላ መስቀል ተሥሏል።

"ለትልቅ ሆቴል ነው፣ ለአዳራሹ ወለል። ወሬው ከዚህች በር እንዳያልፍ" ብሏቸው ወጣ።

እትዬ ጥሩነሽ አማተቡ። "ወርቄ፣ ይሄ እኮ የሚረገጥ ነው።"

"አይቻለሁ።"

"ተይ እምቢ እንበላቸው!"

"ከዚያስ? እነዚህን ልጆች ለማን ልስጣቸው?"

እናቴ ወረቀቱን ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ጣቷን መኻሉ ላይ አኖረች። "መኻሉን እንተወዋለን። አራቱ ክንዶች ካልተጋጠሙ መስቀል አይዶለም። ጣት የምታህል ክፍተት ትተን በዙሪያው ባለው በመደቡ ቀለም እንሞላዋለን። ሰውዬው አያየውም፣ እግዜር ግን ያየዋል።"

እትዬ ጥሩነሽ ከት ብለው ሳቁ። "አንቺስ ጠበቃ መሆን ነበረብሽ!"

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። "ልጄዋ፣ ይችን ነገር ለማንም እንዳትናገሪ። ለማንም!"

እሺ አልኩ። ሦስት ሳምንት ያህል እሺታዬን ጠበቅኩ፤ ለእኔ ዓይነቷ ለፍላፊ ይህም ብዙ ነው።

የታችኛው ክንድ አልቆ ወደ መኻሉ ሊደርሱ ሁለት ቀን ሲቀራቸው፣ ቅዳሜ ዕለት፣ የነፍስ አባታችን አባ ኅሩይ ቤታችንን ጠበል ሊረጩ መጡ። እናቴ የሚቀመስ ነገር ልትለምን ጎረቤት ሄደች፤ ባዶ ቤት አባትን ማስተናገድ ያሳፍራታል። አባ መስቀላቸውን አሳልመውኝ፣ "እናትሽ ሥራው እንዴት ይዟታል?" አሉኝ። ሰዎች በእናቴ ሥራ ሲያዝኑላት እንጂ ሲያደንቋት ሰምቼ አላውቅም ነበር። ላስደንቃቸው ፈለግኩ።

"እማዬ ትልቅ መስቀል እየሠራች ነው።"

"እሰይ! ለየትኛው ደብር?"

"ለደብር አይዶለም አባ፣ ለሆቴል ወለል ነው።"

ፊታቸው ተለወጠ። ስለ ክፍተቱ ልነግራቸው አፌን ስከፍት እናቴ ቂጣ በሰፌድ ይዛ ገባች። አፌን ዘጋሁት። አባ ጠበሉን ረጩ፣ ቂጣውን ሳይቀምሱ ወጡ። እናቴ ቂጣው አንሶባቸው ቅር የተሰኙ መስሏት ሙሉ ቀን ስትብሰለሰል ዋለች።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አባ ምእመኑ ፊት ቆመው፣ መስቀልን ለእግር መርገጫ የሚሠራም የሚያሠራም የተገዘተ ይሁን አሉ። ስም አልጠሩም። ሰኞ ግን ፋብሪካው በር ላይ ሰው ተሰበሰበ፣ ምንጣፉ ከመሸመኛው ላይ ተቆርጦ ወረደ። አቶ ደምሰው፣ "የገዘቱት ያንቺ የነፍስ አባት ናቸው፤ ያወጣሽው አንቺ ነሽ" ብሎ እናቴን አባረራት። እትዬ ጥሩነሽን አልነካቸውም። ለእናቴ ከዚህ በላይ ማስረጃ አላስፈለጋትም፤ ምስጢሩን የሚያውቁት ሁለት፣ አንዷ ተባራ አንዷ ቀርታለች።

እኔንስ አልጠየቀችኝም? ጠይቃኛለች። ሁለት ትከሻዬን ይዛ፣ "አንቺ ነሽ?" አለችኝ።

"ማርያምን! አልተናገርኩም።"

"አውቃለሁ፣ ልጄ አትዋሽም" ብላ ለቀቀችኝ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ፤ እኔ አንድ ቀን ከአፌ የወጣውን በሌላ ቀን በሐሰት መሐላ አጠርኩት።

በሳምንቱ እትዬ ጥሩነሽ በነጠላቸው ገብስ ቋጥረው መጡ። እናቴ በሩ ላይ ቆመች እንጂ አላስገባቻቸውም።

"ከጉሮሮዬ ነጥቀሽ ደግሞ ለጉሮሮዬ ታመጪያለሽ?"

"ወርቄ፣ በላሊበላ ይዤሻለሁ፣ ምን አደረግኩሽ?"

"ራስሽን ጠይቂ።"

እትዬ ጥሩነሽ ገብሱን ደጃፉ ላይ አኑረው እያለቀሱ ሄዱ። እናቴ አልነካችውም፤ የጎረቤት ዶሮዎች ለቀሙት። እኔና አበባ ጦማችንን እንደዋልን ዶሮዎቹን በበሩ ቀዳዳ እናያለን። ወጥቼ እኔ ነኝ ብል ሁሉም ነገር ያበቃ ነበር። ከቀዳዳው ግን አልተነሣሁም።

ወር ሳይሞላ አበባ ጋሸና ለምትኖር ምግብ ቤት ላላት ሴት ተሰጠች፤ ሳህን እያጠበች ልትበላ። ሰባት ዓመቷ ነበር። የጭነት መኪናው ላይ ስትወጣ፣ መቼ ነው የምመለሰው ብላ የጠየቀችው እኔን ነው። ተመልሳ ከእኛ ጋር አልኖረችም። ዛሬ ስንገናኝ እንደ እንግዳ ነው የምንሳሳመው።

እናቴና እትዬ ጥሩነሽ ዕድሜ ልካቸውን አንድ ደብር አስቀደሱ፤ አንዷ በአንደኛው ጥግ፣ ሌላዋ በሌላው። እናቴ ስትሞት እጇን ይዤ ነበር። ልነግራት ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቴም ውሃ ትፈልጊያለሽ ወይ ብዬ ጨረስኩት። እትዬ ጥሩነሽ ገና በሕይወት አሉ፣ ለእሳቸው እናገራለሁ እያልኩ ዓመቱን በዓመት ላይ ደረብኩት።

ረቡዕ፣ ከቀብሩ በኋላ፣ አልማዝ ድንኳኑ ውስጥ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። ዓይኗ አብጧል።

"እማዬ እስከ መጨረሻዋ ቀን፣ ወርቄን ምን በድያት ይሆን እያለች ነው የሞተችው። አንቺ ልጇ ነሽ፣ የምታውቂው ነገር ካለ ንገሪኝ። ባይሆን እኔ ልወቅላት።"

የያዝኩትን ንፍሮ ሳህኑ ላይ መለስኩት። ሰዓቱ ይኸው ነበር፤ ከዚህ የተሻለ አይመጣም፣ ከዚህ በኋላም የለም።

"እኔ ምን አውቄ አልማዝዬ" አልኳት። "ያኔ ልጅ ነበርኩ።"

አመነችኝ፤ አቅፋኝም አለቀሰች። ለእናቴ በማርያም ስምል በእርግጥ ልጅ ነበርኩ፤ ይህን እግዜርም ይቆጥርልኝ ይሆናል። ባለፈው ረቡዕ ግን ልጅ አልነበርኩም።