ጣና ዳር ያመለጠኝ ምስጢር

ጋዜጠኝነት አስተምራለሁ፤ ግን በሕይወቴ አንድም ሰው ቃለ መጠይቅ አድርጌ አላውቅም ነበር። ዓይናፋር ነኝ። ይህንንም ለዓመታት ደብቄ ኖርሁ።

አንድ ጊዜ በትምህርት ዕቅዴ ላይ የቃለ መጠይቅ ጥያቄዎችን በደረጃ አወጣሁ፤ ከማስታወስ ተነሥተው፣ በመረዳትና በመተንተን አልፈው፣ መመዘን ላይ የሚደርሱ። ለልምምዱ ተማሪዎቼን ይዤ ጣና ዳር ወረድሁ። አንድ ሽማግሌ የደንገል ታንኳቸውን ይጠግናሉ።

«መምህርት፣ መጀመሪያ እርስዎ ያሳዩን» አሉኝ ተማሪዎቼ።

ምን ላድርግ? ቀረብሁ። «አባባ፣ ዓሣ ማጥመድ መቼ ጀመሩ?»

«ቆዪ እስቲ፣ አንቺ የማን ልጅ ነሽ?» እኛ አገር እንግዳ ሳይጠየቅ አይጠይቅም። የአባቴን ስም ነገርኋቸው።

«ሥራሽስ?»

«ጋዜጠኝነት አስተምራለሁ።»

«ምን ማለት ነው እሱ?»

«ሰው ጠይቆ እውነቱን መጻፍ።»

«ታዲያ ድምፅሽ ለምን ይንቀጠቀጣል?»

«ሰው ጠይቄ ስለማላውቅ» አመለጠኝ።

«ሳትጠይቂ ጥያቄ ማስተማርሽ ልክ ነው ትያለሽ?»

ሽማግሌው የዕቅዴን ደረጃ አንድም ሳይዘሉ ወጡት። ዞር ስል ተማሪዎቼ በሙሉ አቀርቅረው ይጽፋሉ።

አንዷ ቀና አለች። «መምህርት፣ የመጨረሻውን መልስ አልሰማነውም።»