ዘበኛ ያልነበሩት የዋሽንት መምህሬ

ጋሽ ወልደየስ አርፈዋል። የእድራችን ጥሩምባ ነፊ ይህን ለመናገር በቦሌ ሚካኤል ሰፈራችን ሦስት ጊዜ ዞሯል፤ ለምን ሦስት ጊዜ እንደሆነ በቦታው እጽፋለሁ። አስቀድሜ ግን የበደለኝን ሰው ስም ልናገር። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ትባላለች። የጋሽ ወልደየስ ታናሽ እህት ናት፤ የእኔም የሃያ ዓመት ጓደኛ ነበረች። እኔን የበደለችኝ በሰማንያ ስምንት ዓመተ ምሕረት መስከረም ላይ ነው። እርሳቸውን መበደል የጀመረችው ግን ከዚያ ቀደም ብላ ነው፤ የእርሳቸውም ይብሳል።

በቀብሩ ዕለት በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ የሕይወት ታሪካቸው ሲነበብ የነበራችሁ ሁሉ «በሚወዷቸው እህታቸው ቤት በክብር ኖሩ» የሚለውን ሰምታችኋል። ያ ሐሰት ነው። ይህን የምጽፈው ለዚያ ነው፤ ሐዘኔን ላሳያችሁ አይደለም።

ነገሩ የጀመረው በአንድ የቻይና ዋሽንት ነው። ባለቤቴ የአውሮፕላን መካኒክ ነበር፤ ለሥራ ቤጂንግ ደርሶ ሲመለስ አመጣልኝ። ከቀርከሃ የተሠራ፣ ቦታ ቦታው በጥቁር ክር የተጠመጠመ፣ ወደ ጎን ተይዞ የሚነፋ ነው። ያን ጊዜ ስቄበት ቁም ሳጥን ውስጥ ከተትኩት። ባለቤቴ ድምፁን ሳይሰማ ሞተ። መማር የፈለግኩት ለዚህ ነው፤ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ዕድሜዬ አርባ ዘጠኝ ነበር። መጀመሪያ የጠየቅኩት ጥሩወርቅን ነው፤ የማታውቀው ሰው የለምና። በረንዳዋ ላይ ተቀምጠን ዋሽንቱን አገላብጣ አየችው።

«አንቺ ሴትዮ፣ ደህና ነሽ? ይህን የሚያውቅ ሰው በዚህ አገር የለም።»

«አንድ ሰው እንኳ ይጠፋል?»

«የለም አልኩሽ። ልማልልሽ?»

በሚካኤል ማለች። እሷ ስትምል፣ አሥር እርምጃ በማይሞላ ቦታ፣ ግራጫ ካፖርት የለበሱ ሽማግሌ ጎንበስ ብለው ጽጌረዳዋን ውኃ ያጠጡ ነበር።

አመንኳት፤ ግን ፍለጋዬን አልተውኩም። ገርጂ አንድ የሙዚቃ አስተማሪ አለ ተብዬ ሄድኩ። «እናቴ፣ ለልጅ ልጅዎ ነው?» አለኝ። ለራሴ ነው ስለው ሳቁን ለመደበቅ ዞሮ ሰሌዳውን ያጠፋ ጀመር፤ ሰሌዳው ላይ ምንም አልተጻፈም ነበር። ቦሌ መንገድ አንድ የቻይና ምግብ ቤት ገብቼ ምግብ አብሳዩን አስጠራሁ። ሰውዬው አማርኛ ለምዷል። ዋሽንቱን አየ፣ እኔን አየ።

«አንቺ፣ ክራር ትመቺያለሽ?»

«አልመታም።»

«እኔም እንደሱ» ብሎ ወደ ሽንኩርቱ ተመለሰ። በዚያ ዓመት ካነጋገርኳቸው ሰዎች ሁሉ እውነቱን የነገረኝ እሱ ነው።

በመጨረሻ ሲኤምሲ አካባቢ በየሠርጉ የሚጫወት ዋሽንተኛ አገኘሁ። የቻይና ዋሽንት በመንፊያውና በጣት ቀዳዳዎቹ መካከል አንድ ትርፍ የሚመስል ቀዳዳ አለው። ሰውዬው ደጋግሞ ነፋ፤ እፍ ከማለት በቀር ድምፅ የለም። «ይሄማ ሲሠሩት ተሳስተው የበሱት ነው» አለና ጧፍ አቅልጦ ቀዳዳውን ደፈነው። ድምፅ ወጣ፤ አፉን በጨርቅ የያዙት ሰው ድምፅ። እኔ ግን ተሳካልኝ ብዬ ደስ አለኝ፤ ለጥሩወርቅ ላሳያት በረርኩ።

ሰኔ ነበር፤ ያካፋል። በሩን የከፈቱልኝ እኒያው ሽማግሌ ናቸው። እዚህ ላይ የራሴንም ልጻፍ። ከዚያ ቀን በፊት በዚያ በር ስገባ ስወጣ «አንተ፣ ክፈት»፣ «አንተ፣ ጃንጥላዬን ያዝ» እላቸው ነበር። ከታላቅ ወንድሜ የሚበልጡትን ሰው። ስማቸውን ጠይቄ አላውቅም።

ጃንጥላውን ስሰጣቸው አልተቀበሉኝም። ዋሽንቱን ነበር የሚያዩት።

«ይህን ቀዳዳ ማን ደፈነው?»

«ምን አገባህ?»

«ወይዘሮ፣ ይህ የሚደፈን አይደለም። የሚለብስ ነው።»

ከእጄ ወስደው ሰሙን በጥፍራቸው ፈለቀቁት። የቤት ሠራተኛዋን ጠርተው አንድ ፍሬ ነጭ ሽንኩርት አስመጡ፤ ለሁለት ሰንጥቀው የቀዳዳውን ዙሪያ አሹበት። ከዚያ ከካፖርታቸው ኪስ የክብሪት ቀፎ አወጡ። ቀፎው ውስጥ ከሸምበቆ ሆድ የተላጠ፣ ትንፋሽ ቢነካው የሚበር ስስ ገለፈት ነበር። ቆርጠው ቀዳዳው ላይ ለጠፉት፤ የሽንኩርቱ ውኃ ያዘው።

«ይህን ከየት አመጡት?» አልኩ። «አንተ» ማለት አልቻልኩም።

«ከወንዙ ዳር። ከመስከረም ጀምሮ ኪሴ ውስጥ ነው። አንድ ቀን ይጠይቁኛል ብዬ።»

መስከረም የተማለልኝ ጊዜ ነው። ሰምተዋል ማለት ነው። እህታቸው «የለም» ብላ ስትምል ሰምተው፣ ወንዝ ወርደው ሸምበቆ ልጠው፣ ዘጠኝ ወር ሙሉ በኪሳቸው ይዘው በር ሲከፍቱልኝ ኖሩ።

ነፉት። ንብ ብርጭቆ ውስጥ የገባች ይመስል ይነዝራል፤ ግን ጥርት ያለ ነው፤ ርቆ ይሄዳል። የጎረቤት በር ሲከፈት ሰማሁ። ጥሩወርቅ በረንዳው ላይ ወጣች።

«ወልደየስ! በሩን ዝጋ!»

ዋሽንቱን በሁለት እጃቸው መለሱልኝና ሄደው በሩን ዘጉ።

እሷ ክንዴን ይዛ መኝታ ቤቷ አስገባችኝ። «ወንድሜ ነው» አለችኝ፤ በሹክሹክታ፣ በገዛ ቤቷ። ነገሩን ያን ቀን ነው ያወቅኩት። በንጉሡ መጨረሻ ዘመን ለጨርቃ ጨርቅ ሥልጠና ቻይና ተልከው ዋሽንቱን እዚያ ተማሩ። በደርግ ጊዜ ታሰሩ። ሲፈቱ ቤትም ሚስትም አልጠበቃቸውም። የጥሩወርቅ ባል ደግሞ የሕንፃ ዕቃ አስመጪ ነው፤ እንግዳ ያበዛል።

«ምን ልበል? ከእስር ቤት የወጣ፣ ሁለት ሸሚዝ ያለው ወንድም አለኝ ልበል? ማደሪያ ሰጠሁት፣ ይበላል፣ በሩን ይጠብቃል። ምን ጎደለበት?» አለች። ቀጥላም፣ «ለሰው እንዳትናገሪ። መማሩን ከፈለግሽ ቤትሽ ይምጣልሽ። እዚህ ግን አይነፋም።»

ዝም አልኩ። ትምህርቱን ፈልጌ ሦስት ዓመት ዝም አልኩ። ስለዚህ የምጸየፈው እሷን ብቻ ነው ብላችሁ አታስቡ።

ጋሽ ወልደየስ ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ይመጡ ነበር። ካፖርታቸውን አውልቀው አጥፈው ወንበሩ ላይ ያስቀምጣሉ፤ ካፖርቱ ሲወልቅ ሌላ ሰው ይሆናሉ። ጀርባቸው ይቃናል። ጉንጬን ነፍቼ ስታገል «ይህ ፉከራ ነው፤ ትንፋሽ ከሆድ ይምጣ» ይሉኛል። ገለፈቱን አጥብቄ ስወጥረው ድምፁ ይደርቃል፤ ሳላላው ይልፈሰፈሳል። «ትንሽ ጨምደድ አድርገው ይለጥፉት። የሚያምረው ስለሚንቀጠቀጥ ነው» ይሉ ነበር። ሸምበቆ እንዴት እንደሚላጥ አሳይተውኛል፤ በጣት ጫፍ፣ እስትንፋስ ዋጥ አድርጎ።

ሌላም ነገር አይቻለሁ። እሑድ እሑድ የመንገዳችን ዘበኞች ከአገር ቤት የመጣላቸውን ደብዳቤ ይዘው እርሳቸው ዘንድ ይሰለፋሉ። በሩ ጥግ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ያነቡላቸዋል፤ መልሱንም ይጽፉላቸዋል። ክፉ ወሬ ያለበትን ደብዳቤ መጀመሪያ ለራሳቸው ያነቡታል፤ ከዚያ ሰውዬውን አጠገባቸው ያስቀምጡታል። ያን መንገድ በመኪና የሚያልፉ የጥሩወርቅ እንግዶች አንድ ዘበኛ ከዘበኞች ጋር ሲያወራ ነው ያዩት።

አንድ ቀን ተናድጄ፣ «ለምን እንደዚህ ታስቀምጥዎታለች? ለምን እሺ ይላሉ?» አልኳቸው።

ዋሽንቱን በጨርቅ እየወለወሉ፣ «በሩን እሷ ዘግታብኝ አታውቅም። የምዘጋው እኔ ነኝ» አሉኝ። የሚያጽናናኝ መልስ አልነበረም። እንዲያጽናናኝም አልፈለጉ ይሆናል።

ባለፈው መጋቢት ሁለት ማክሰኞ ቀሩ። ቤቷ ሄጄ ስጠይቅ ጥሩወርቅ ራሷ በሩን ገርበብ አድርጋ «ጉንፋን ነው፤ ተኝቷል» ብላ መለሰችኝ። ጉንፋን አልነበረም። በሳምንቱ ማለዳ የጥሩምባ ድምፅ ሰማሁ።

«የእድራችን አባላት! በወይዘሮ ጥሩወርቅ ቤት ዘበኛ የነበሩት ሰው አርፈዋል!»

ጥሩምባ ነፊው አልዋሸም። ሰፈሩ የሚያውቀውን ነው የተናገረው።

እድራችን ለአባል ወንድም ድንኳን ይተክላል፤ ለአባል ዘበኛ አይተክልም። ጥሩወርቅ «ወንድሜ ነው» ብላ ድንኳን ስትጠይቅ የእድሩ ዳኛ የቤተሰብ ቅጿን አውጥተው አዩ። ወንድም በሚለው መስመር ላይ በገዛ እጇ «የለም» ብላ ጽፋለች። እንግዶቿ ለቅሶ ሊመጡ ነው፤ ድንኳን የለም። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ቤቴ ደጃፍ ላይ ቆመች።

«አንቺ ታውቂያለሽ። ወንድሜ ነው ብዬሽ ነበር» አለችኝ።

«አዎ። ለሰው እንዳትናገሪ ብለሽ።»

«አሁን ተናገሪ!»

«ሲሞቱ?»

«በናትሽ፣ ሰው ፊት አታዋርጂኝ።»

በሩን ፊቷ ላይ ልዘጋው ነበር። እጄ በሩ ላይ ነበር። ግን ብዘጋው የሚቀበሩት ማን ሆነው ነው? ያለ ድንኳን፣ ያለ ስም፣ የሰው በር ጠባቂ ሆነው። ጫማዬን አደረግኩና ሄድኩ።

«ወንድሟ ናቸው» አልኩ፤ በእድሩ ዳኛና በተሰበሰቡት አባላት ፊት።

«ከመቼ ጀምሮ ያውቃሉ?» አሉኝ ዳኛው።

«ሦስት ዓመት ሊሆነው ነው።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን ዝም አሉ?»

«ትምህርት ላይ ነበርኩ።»

ማንም አልሳቀም። ፈረምኩ። ድንኳኑ ተጫነ።

ጥሩምባ ነፊው ሁለተኛ ዞረ። «የወይዘሮ ጥሩወርቅ ወንድም አርፈዋል! ቀብር ዘጠኝ ሰዓት!» መንገድ ላይ ተከትዬ ደረስኩበት።

«ስማቸውን ጥራ እንጂ!»

«እትዬ፣ ስማቸውን ማን ነገረኝ? ማን ነበሩ?»

ነገርኩት። ሦስተኛ የዞረው ለዚህ ነው። ጥሩወርቅ በድንኳኑ ውስጥ «ጋሻዬ! መከታዬ!» እያለች ደረቷን ስትመታ እኔ በር አጠገብ ተቀምጬ ነበር። የድንኳኑ ሸራ ላይ የተሰቀለው ፎቶ ከቻይና የላኩት ነው፤ ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ በመሳቢያ ውስጥ ደብቃው ነበር ማለት ነው። ሰዎች «እንዴት ያለ መልከ መልካም ነበር» ይባባሉ ነበር። ዘበኞቹ ከድንኳኑ ውጭ ቆመዋል፤ ግቡ ያላቸው የለም። እኔ ወጥቼ ከነሱ ጋር ቆምኩ።

ጋሽ ወልደየስ፣ አሁን እርስዎን ነው የማነጋግረው። «አንተ» ያልኩበትን ጊዜ ይቅር ይበሉኝ አልልም፤ በሕይወት ሳሉ መጠየቅ ነበረብኝ፣ አልጠየቅኩም። እህትዎን ይቅር በያት እንደማይሉኝ አውቃለሁ፤ እንዲህ ያለ ነገር ጠይቀውኝ አያውቁም። ያስተማሩኝን ይዣለሁ። የክብሪት ቀፎው እኔ ዘንድ ነው፤ ሠራተኛዋ ከካፖርትዎ ኪስ አውጥታ ሰጠችኝ፤ ሦስት ገለፈት ቀርቶበት ነበር። በደህና ይረፉ፣ መምህሬ። እዚያ በር የሚከፍትልዎ ሰው ይኑር።

ከአርባዎ በኋላ ከእድሩ ወጥቼ ሌላ እድር ገባሁ። በቤተሰብ ቅጹ ላይ፣ ወንድም በሚለው መስመር፣ የእርስዎን ስም ጻፍኩ። ጸሐፊው «በሕይወት አሉ?» አለኝ። «የሉም» አልኩት። ሰረዘው። ብዕሩን ከእጁ ወስጄ መልሼ ጻፍኩት።